ጫማው የማን ነው?

ጥቅምት 6 ቀን

ተቀበሏት። ልጄን ድንቢጥን ተቀበሏት፣ እትዬ። ሃያ ሦስት ተማሪዎች ተፈትነው ሁለት ብቻ ነው የወሰዱት፤ ከሁለቱ አንዷ የኛዋ ናት።

እሺ፣ አሁን ሰላምታዬ። እንደምን ከርመሻል እህቴ፣ ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ወሬ አስቀድሜ ጤናሽን በማስከተሌ አትቀየሚኝ። ከዳቦ ቤቱ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። ዳቦ ሊገዛ ለመጣው ሁሉ ነግሬ ጨርሻለሁ፤ አንዱ ሰውዬ እንዲያውም "ሴትዮ፣ እኔ የጠየቅኩሽ ሁለት ዳቦ ነው" አለኝ። ከዘመድ ያልሰማሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ስልክ እንዳልደውል ያ የስፌት መኪና ጆሮሽን በልቶታል፤ "እ? እ?" እያልሽ ካርዴን ትጨርሺዋለሽ። ስለዚህ እንደ ልማዳችን በአውቶብሱ ሾፌር እጅ ይድረስሽ።

"ደግሞ የምን ወርክሾፕ ነው?" ላልሽው፣ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ነው። ኮሌጁ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቹን ለስድስት ወር የተግባር ልምምድ ይልካል። እኔ ትናንት አብሬያት ሄጄ በመስኮት አየሁት። ረጅም ክፍል ነው፤ ጥጉ ላይ እንደኛ ዳቦ ቤት ያለ ምድጃ አላቸው፤ እኛ ሊጥ እንጋግራለን፣ እነሱ ፕላስቲክ። መደርደሪያው ላይ እግር ተደርድሯል፣ ግራው በግራ፣ ቀኙ በቀኝ። መሀል ላይ በሽተኞች ይዘው የሚለማመዱባቸው ሁለት የብረት መደገፊያዎች አሉ። ዋናው ባለሙያ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ሽፋሽፍታቸው ድረስ ጄሶ ስለሆኑ ተማሪዎቹ "ጋሽ ጄሶ" ይሏቸዋል፣ በሌሉበት ነው ታዲያ። ድንቢጥን "እጅሽን አሳዪኝ" አሏት፣ ጥፍሯን አዩ፣ "ነገ ነይ" አሉ፣ አለቀ።

ሌላው የተመረጠው ልጅ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ነው። ድንቢጥ ራሷ "ከኔ ይበልጣል" ብላለች፤ እሷ እንዲህ ስትል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

የራሷ ጫማ አፉን ከፍቶ ስለነበር የጎረቤታችንን የነርሷን ጫማ ተውሳ ነው የሄደችው። ተረከዙ ከፍ ያለ ነው፤ ትንሽ ጠቧታል፣ ግን ያበራል። ስትወጣ ብታያት አንድ ክንድ ጨምራለች።

ስለ ክፍያው የጠየቅሽኝን በሚቀጥለው በሰፊው እጽፍልሻለሁ፤ አሁን ደንበኛ ቆሞብኛል።

እህትሽ


ኅዳር 2 ቀን

ምንም። ይኸው መለስኩልሽ፣ እትዬ። ምንም አይከፍሏትም፤ የትራንስፖርትም የምሳም የለውም። በአንድ ደብዳቤ አራት ቦታ ጠየቅሽኝ፤ አንዱን እንዲያውም በሰላምታው መሀል ሰግስገሽው ነበር። ባለፈው የዘለልኩት ደስታዬን እንዳታቀዘቅዢብኝ ፈርቼ ነው። ይቅር በይኝ።

"ረስተሽዋል" ያልሽኝ ግን አሳዘነኝ። አልረሳሁም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ምሳሽን በሳህን ይዤ ስመጣ የልብስ ሰፊውን ልጅ አዝለሽ ደጁን ትጠርጊ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ቁልፍ ተከልሽ፣ ዘርፍ ጠቀምሽ፣ ውሃ ቀዳሽ። የኮት እጅጌ አስተካክለሽ መግጠም የቻልሽ ዕለት "አመሰግናለሁ፣ ሌላ ልጅ አግኝቻለሁ" አለሽ። እቤት ስትገቢ እጅሽ ላይ መቀስ እንኳ አልነበረም፤ መቀሱ የሱ ነበር። ይህንን እንዴት እረሳዋለሁ?

ይኼ ግን ሌላ ነው እያልኩ ራሴን አሳምኛለሁ፣ እስቲ አንቺንም ላሳምንሽ። ኮሌጁ ውስጥ ለአርባ ተማሪ አንድ ምድጃ ነው ያለው፤ እሱም ከገባች ጀምሮ ተበላሽቷል። እዚህ በሦስት ሳምንት ውስጥ በገዛ እጇ የሰው እግር በጄሶ ጠቅልላ ቅርጹን አውጥታለች። መጨረሻ ላይ ጋሽ ጄሶ የሚፈርሙበት ወረቀት አለ፤ ያ ፊርማ የሌለው ተማሪ የትም አይቀጠርም አሉ። እቤት ደግሞ አባቷን መለማመጃ አድርጋዋለች። ባለፈው እሑድ ክንዱን በጄሶ ጠቅልላ "እስኪደርቅ እንዳትነቃነቅ" ብላው ወጣች። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አይደል፣ ሻይ በግራ እጁ እየጠጣ፣ "ከመዝገብ ቤት ፋይል ጎድሏል ብለው ቢመጡ በየትኛው እጄ እፈርማለሁ?" ይላል። እኔ እስክሰነጠቅ ሳቅኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህን ቤት እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆየሁ።

ማታ ማታ ስለ አጥንት፣ ስለ ጉልበት ታወራልኛለች። ግማሹ አይገባኝም፤ ግን ዓይኗ ሲያበራ አያለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እትዬ፤ ለዚያውም ወርክሾፑ እግር ይሠራል።

ቁጣሽን በወረቀት ጻፊልኝ እንጂ ለሾፌሩ አትንገሪው፤ ባለፈው "እህትሽ ተናዳለች" ብሎ መናኸሪያው መሀል ጮኾብኝ ነበር።

እህትሽ


ኅዳር 21 ቀን

ለወሬኛዋ እህቴ፣

ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደነበረ ነው። ዓይኔ መነጽር አግኝቷል።

እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አልሽ። የሚሄደው የሚታቀፈው ሲኖር ነው። ድንቢጥን የታቀፋት ማን ነው? አንቺና ባልሽ ናችሁ፣ ወርክሾፑ አይደለም። የሚታቀፈው የሌለው እንቁላል ይገማል እንጂ አይሄድም።

በኔ ጊዜ "ሙያ ልመጂ" ይሉ ነበር። አሁን "የተግባር ልምምድ" አሉት። ስሙ ሲያምር ሥራው ያው ነው። ላም አለኝ በሰማይ። ልብስ ሰፊውም "መጨረሻ ላይ የስፌት መኪና እገዛልሻለሁ" ይለኝ ነበር። መጨረሻው ሲደርስ መኪናውም እኔም የለንም።

ሙያ አላገኘሁም አልልም። እንጀራዬን በሱ ነው የበላሁት። ግን ሙያውን እሱ አልሰጠኝም፤ እኔ ነኝ በዓይኔ ሰርቄ የወሰድኩት። እሱ የወሰደው ሦስት ዓመቴን ነው። ይህን ለይታችሁ እወቁ።

እዚህ ጨርቅ ነጋዴው ሱቁን የምትይዝለት የተማረች ልጅ ይፈልጋል። ደመወዝ አለው። እኔ ጋ ታድራለች። እስከ ጥር መጨረሻ ቦታውን ይዞልኛል፤ ከዚያ በኋላ ለወንድሙ ልጅ ይሰጠዋል።

ሦስት ነገር መልሺልኝ፤ እንደ ልማድሽ ዙሪያውን አትዙሪ። በምን ትሄዳለች? ምሳ ትበላለች? ያ ቀጭኑ ልጅ ማን እያበላው ነው የሚሠራው?

እህትሽ


ታኅሣሥ 17 ቀን

ሴትዮዋ ተራመደች፣ እትዬ። ሽንኩርት ሻጭ ናት፤ ሁለት ዓመት ተቀምጣ ነበር። ድንቢጥ ጄሶውን ጠቅልላ፣ ጋሽ ጄሶ ፕላስቲኩን ጋግረው የሠሩላት እግር ነው። መደገፊያዎቹን ለቀቀችና አራት እርምጃ ሄደች፤ ከዚያ ዞራ ድንቢጥን "እስቲ ቁሚ፣ ቁመቴን ልለካ" አለቻት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውን ሁሉ ከታች ወደ ላይ ስታይ ኖራ እኮ ነው። ልጅሽ ይህን ስትነግረኝ ሊጥ በእጄ ይዤ አለቀስኩ።

እሺ፣ አልዞርም።

በእግሯ ነው የምትሄደው። ጠዋት የአንድ ሰዓት መንገድ፣ ማታ የአንድ ሰዓት መንገድ። እኔም የሰማሁት በቅርብ ነው፤ የትራንስፖርት የምሰጣትን እየቆጠበች ለጄሶ ጓንትና ለመጽሐፍ ኮፒ ታወጣዋለች። የነርሷ ጫማ ተረከዟን አቁስሏት አየሁና አባቷ ጫማ ሰፊ ጋ ወረፋ ይዞ የራሷን አሰፋላት። ምሳ የትናንት ዳቦ ትወስዳለች፤ ባለቤቱ ያደረ ዳቦ እንዳነሳ ፈቅዶልኛል።

ቀጭኑ ሄደ። ልጽፍልሽ ያልፈለግኩት ይህንኑ ነበር። እናቱም አባቱም የሉም፤ ሁለት ታናናሾች አሉበት። ለሁለት ወር ጠዋት ወርክሾፕ፣ ማታ መጋዘን ሲሸከም ቆየ። አንድ ቀን ምድጃው አጠገብ ቆሞ እንቅልፍ ወሰደው፤ በድንቢጥ ጩኸት ነው እጁ የተረፈው። በማግስቱ ነጩን ጋውን አጥፎ መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ አሁን ኮፒ ቤት ይሠራል። ከሁለቱ የሚበልጠው እሱ ነበር፣ እትዬ። ድንቢጥ የቀረችው እኔ ያደረ ዳቦ ስላለኝ ነው። የእንቁላሉን ነገር ያልሽው ትክክል ነሽ፤ ይኸው በጽሑፍ አምኛለሁ፣ ደብዳቤውን አስቀምጪው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጭንቅ አለ። እግር ተሠርቶላቸው ከሄዱት ውስጥ እየተመለሱ የሚያማርሩ አሉ። ወርክሾፑ ውስጥ ሲራመዱ እንደ ወታደር ነው፤ እቤታቸው ሲደርሱ እግሩ ወደ ኋላ ይገፋቸዋል። ድንቢጥ የለካችው አንድ ፖስተኛ አለ፤ መኪና ነው እግሩን የወሰደበት። "እቤቴ ሜዳ ላይ ነው፣ ይህ እግር ግን ዳገት አደረገብኝ" ይላል። ይመጣል፣ ጋሽ ጄሶ ያስተካክሉለታል፣ ደስ ብሎት ይወጣል፣ በሳምንቱ ተመልሶ ዳገት ነው ይላል። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። መራመድ ካልቻለ ፖስታ ቤቱ መልሶ አይወስደውም። ጋሽ ጄሶ ተናደው "ልኬቱን የወሰድሽው አንቺ ነሽ፤ አራተኛ ዳገት ነው ብሎ ከተመለሰ ወረቀትሽን አልፈርምም" አሏት። ልኬቱን ደግማ ደጋግማ አየችው፤ ስህተት የለበትም ትላለች።

ያ ፊርማ ካልተገኘ ስድስት ወሩ ሁሉ ውሃ በላው። ፖስተኛው ለጥር አጋማሽ ቀጠሮ ተሰጥቶታል። ለጨርቅ ነጋዴው "አይሆንም" አትበይው፣ "እሺ"ም አትበይው፤ ትንሽ ያዢልኝ።

እህትሽ


ጥር 9 ቀን

ለእህቴ፣ ይህን ግን ለድንቢጥ ስጫት።

ድንቢጥ፣ እናትሽ እንደምትለው እኔ አኩርፌ አይደለም። አንቺን አልተቆጣሁም። በእግርሽ መሄድሽን ስሰማ ግን ቀኑን ሙሉ ክር በጠስኩ።

በላክሽልኝ ቁራጭ ወረቀት ስለ ፖስተኛው ጠይቀሽኛል፣ "አክስቴ፣ አንቺ ሰው ስትለኪ ተሳስተሽ ታውቂያለሽ?" ብለሽ። እኔ ስለ እግር አላውቅም፤ ስለ ሱሪ ግን አውቃለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍልሽ።

ልብስ ሰፊው ጋ ሳለሁ አንድ ሙሽራ መጣ። ሱሪው እዚያው ለክተነው ልክ ነበር፤ ጫማው ላይ ቁጭ ብሎ ያምራል። በሠርጉ ማግስት እናቱ ይዛው መጣች፣ መሬት ይጠርጋል ብላ። ልብስ ሰፊው እኔን በጥፊ መታኝ፣ ዘርፉን የጠቀምኩት እኔ ስለነበርኩ። እኔ ግን የሙሽራውን እግር አስታወስኩ። ሲለካ የመጣበት ጫማ ተረከዙ ከፍ ያለ ነበር፤ ኋላ ሲለብሰው ሌላ ጫማ ነው። ጫማው የሚዜው ነበር ለካ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ሰው ግን ይከበራል ብሎ ካሰበበት ቦታ የሰው ጫማ አድርጎ ይሄዳል። ደግሞም አይናገርም፣ ያፍራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱሪ ከመቁረጤ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠይቄአለሁ።

ፖስተኛሽን ጠይቂው። እናንተ ጋ ሲመጣ የሚያደርገው ጫማ የማን ነው?

ሰው ፊት አትጠይቂው።

አክስትሽ

ለእናትሽ፦ የጨርቅ ነጋዴው ቦታ አሁንም አለ። ቀኑ እየመጣ ነው።


ጥር 25 ቀን

የአማቹ ነው። ጫማው የአማቹ ነው፣ እትዬ።

ሰላምታውን ከታች ፈልጊው፤ አሁን አላስቆም አለኝ።

ፖስተኛው ለአራተኛ ጊዜ መጣ። ድንቢጥ ውሃ ልስጥዎት ብላ ወደ ጓዳው ወሰደችው፤ በሩን ዘጋችና "ጋሼ፣ አይቀየሙኝ፣ ይህ ጫማ የእርስዎ ነው?" አለችው። ሰውዬው በሩ መዘጋቱን አየ። ከዚያ "የልጄ ባል ጫማ ነው። ሐኪም ዘንድ በሸራ ጫማ እንዴት እመጣለሁ?" አላት። እቤት የሚያደርገው ሸራ ነው፤ እንደ ወረቀት የሳሳ። ድንቢጥ አጠገቡ ቁጭ አለች። መጀመሪያ ቀን እሷ ራሷ በነርሷ ጫማ አልነበር የሄደችው?

ነገሩን እንዲህ አስረዳችኝ። የኛ ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል፣ የተረከዙን ቁመት አይቶ ራሱ ይስተካከላል። ሰው ሠራሹ አይታዘዝም፤ አንድ ጊዜ ለአንድ ተረከዝ ቁመት ታስሮ ይቀራል። ከፍ ላለ ጫማ አስተካክለሽው ሰውዬው ዝቅ ያለውን ሲያደርግ እግሩ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ሜዳው ዳገት ይሆንበታል። ጋሽ ጄሶ ይህንን ለሠላሳ ዓመት ያውቁታል። ጫማውን አይተው ነው የሚያስተካክሉት። ጫማው የማን እንደሆነ ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም።

በማግስቱ ሸራውን ይዞ መጣ። ጋሽ ጄሶ እግሩን ፈተው እንደገና አሰሩት። ፖስተኛው ከመደገፊያው ወጣ፣ ከበሩ ወጣ፣ መንገዱን ተሻገረ። ተሻግሮ ዞር ብሎ "ሜዳ ነው" አለ። ይኼው ነው ያለው። ጋሽ ጄሶ ጄሷቸውን ሳይታጠቡ ደረጃው ላይ ተቀመጡ አሉ።

ቆይ፣ ዋናው ገና ነው። ሲያማርሩ ከተመለሱት ስድስቱን ጠሯቸው፤ አራቱ በሰው ጫማ ነበር የመጡት። አንዱ እንዲያውም የሞተ አባቱን ጫማ ነው ያደረገው። ሰኞ ስብሰባ ተጠራ፤ ዳይሬክተሩም ሐኪሞቹም አሉ። ጋሽ ጄሶ ተነስተው "በተደረገው ክትትል ችግሩ ተደርሶበታል" ብለው ጀመሩ። ልጅሽ ጥግ ቆማ ነበር፤ ተለማማጅ ወንበር የላትም። እጇን አወጣች። "የደረሰችበት አክስቴ ናት" አለች። "ልብስ ሰፊ ናት። ሦስት ዓመት ያለ ክፍያ ስትማር በጥፊ ተመታ ያወቀችው ነው።" እኔ ይህን ስሰማ በድንጋጤ "ወይኔ፣ አባረሩሽ" አልኳት። አላባረሯትም። ጋሽ ጄሶ "እንግዲያው በአክስትሽ ክትትል ተደርሶበታል" አሉ።

ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ "ሲመጡ ዘወትር የሚያደርጉትን ጫማ አድርገው ይምጡ።" ከሥሩ ድንቢጥ በእስክሪብቶ ጨምራለች፣ "ያረጀም ቢሆን።"

እንደምን አለሽልኝ? ዓይንሽ፣ ጉልበትሽ? ጨርቅ ነጋዴውን አመስግኚልኝ፤ ልጅቷ አትመጣም። ይህን በመጻፌ እንዳትቀየሚ እለምንሻለሁ። ቦታውን ለማቆየት ስንት ፊት እንዳየሽ አውቃለሁ።

እህትሽ


የካቲት 20 ቀን

ለእህቴ፣

አልተቀየምኩም። ለጨርቅ ነጋዴው ደብዳቤሽን አነበብኩለት፤ የጥፊው ቦታ ላይ ስደርስ "ድገሚልኝ" አለኝ። ደገምኩለት።

ድንቢጥ እኔን ባትጠራ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። ጠራችኝ። ስለዚህ ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ፤ ለሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። መኪናው አልተበላሸም፣ አልታመምኩምም።

አሁን ግን ወረቀቷን ይፈርሙላታል ብለሽ ጮቤ አትርገጪ። መፈረምና መቅጠር ለየቅል ነው። ልብስ ሰፊውም አመስግኖኛል። "አመሰግናለሁ" ነበር የመጨረሻ ቃሉ።

ለድግስ ትመጫለሽ ወይ ብለሽ በሾፌሩ አስጠይቀሽኛል። ለምስጋና ድግስ አልመጣም። አሥራ አንድ ዓመት ከዚህ ሱቅ ያልወጣሁት ለዚያ አይደለም። ቀጥረዋት ደመወዝ ከቆረጡላት እመጣለሁ።

እህትሽ


ሚያዝያ 2 ቀን

ቀጠሯት። ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው፣ እትዬ፤ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ አባቷ አራት ጊዜ፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤት አንድ ጊዜ። ደመወዝ አለው። ስንት እንደሆነ እዚህ አልጽፈውም፤ ሾፌሩን አላምነውም። "ምስጋና ነው?" እንዳትይ፣ ምስጋና የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ የለም፤ ፈልጌ አጥቼዋለሁ።

ሰላም ነሽ ወይ እህቴ? በደህና መሆንሽን ሾፌሩ ነግሮኛል፤ ሱቋን ስትቀባ አየኋት አለ። በስንት ዘመንሽ?

"ያለ ድርድር ነው የገባችው?" ትይኛለሽ። አንቺ ያሳደግሻት ይመስል ተደራድራለች። ወረቀቱን ሲሰጧት "ከመፈረሜ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ" አለቻቸው። የሚቀጥሉት ሁለት ተለማማጆች ምሳና ትራንስፖርት ይሰጣቸው፣ ካልሆነ እኔን እንደያዛችሁ እነሱን ታጣላችሁ፣ ከኔ የሚበልጠውን አጥታችኋል አለች። እኔ ብሆን መጀመሪያ ፈርሜ ነው የምጠይቅ። ጋሽ ጄሶ ራሳቸው ወደ ቢሮ ወጥተው ተከራከሩ። ምሳው ተፈቅዷል። ትራንስፖርቱ "በሂደት ላይ ነው" ተብሏል፤ በሂደት ላይ ማለት ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ልጅሽ ግን ቁጭ ብላ አትጠብቅም።

ድንቢጥ ከጋሽ ጄሶ ጋር ቀጭኑ ዘንድ ሄዳ ነበር። ኮፒ ማሽኑ ላይ ጎንበስ እንዳለ "ምሳ ለኔ ነው፣ ታናናሾቼስ?" አላቸው። በነፃ ሥራ የሚማረው የሚያበላው ያለው ነው፤ ይህን አንቺ ቀድመሽ ጽፈሽልኛል። ድንቢጥ አላረፈችም፤ ወርክሾፑ ዕቃ ግዢ ክፍል ውስጥ የግማሽ ቀን ሥራ በደመወዝ ልታስገኝለት እየተሯሯጠች ነው፣ ግማሹን ቀን ምድጃው ጋ እንዲሆን። ገና አልተቆረጠም። ለድግሱ ግን ከታናናሾቹ ጋር እመጣለሁ ብሏል።

አሁን በደንብ አንብቢ፣ መነጽርሽን አድርጊ። ጋሽ ጄሶ "ያቺን ልብስ ሰፊ አንድ ቀን አምጪልኝ" ብለዋል። በሽተኞቹ ሲራመዱ እንድታይላቸው፣ ለተማሪዎቹም ሰው ሲለካ ምን ምን እንደሚጠየቅ እንድታስረጂ ይፈልጋሉ። ድንቢጥ ወዲያው "በነፃ አትመጣም" አለቻቸው። ሰውዬው ሳቁ፤ ሽፋሽፍታቸው ላይ ያለው ጄሶ ረገፈ አሉ። የቀን አበልሽና የመሳፈሪያሽ ደብዳቤ በስምሽ ወጥቶ በሌላ ፖስታ ቀድሞ ተልኮልሻል። ሥራሽ በሚለው ቦታ ላይ "አሠልጣኝ" ብለው ጽፈዋል። እኔ አላስጻፍኩም፣ እምልልሻለሁ።

ያ ፖስታ እጅሽ ሲገባ ጠርዙ ትንሽ ቢታጠፍ አትገረሚ። ትናንት ለሾፌሩ ልሰጥ ስነሳ ፖስተኛው ዳቦ ሊገዛ ገባ። ፖስታ ቤት ተመልሷል፤ ቦርሳው ትከሻው ላይ ነው። "ስጪኝ፣ ይህ የኔ ሥራ ነው" ብሎ ከእጄ ነጠቀኝ። ከዳቦ ቤቱ እስከ መናኸሪያ ድረስ በእግሩ ሄደ። እኔ ባንኮኒውን ትቼ በር ላይ ቆሜ አየሁት፤ ሰልፍ የያዙትም አብረውኝ አዩ። አንድም ሰው ዳቦዬን አላለም።

እንግዲህ ዓርብ ጠዋት ወርክሾፕ ነሽ፤ ዓርብ ማታ እኔ ጋ ታድሪያለሽ፣ አልጋሽ ተነጥፏል። በማግስቱ ለድግሱ ሁሉም ይመጣል፤ ጋሽ ጄሶ፣ ሽንኩርት ሻጯ፣ ቀጭኑ ከታናናሾቹ፣ ነርሷ ጎረቤታችን፣ ፖስተኛው ከአማቹ ጋር። ጨርቅ ነጋዴውንም ይዘሽው ነይ፤ ቦታውን ስንት ወር አቆይቶልናል። አንድም ሰው እንዳይቀር።

የማንንም ጫማ አትዋሺ። የራስሽን አድርገሽ ነይ፣ ያረጀም ቢሆን። ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 19 ቀን።

እህትሽ